በ600 ዲርሃም የተሸጠው ልጅ

 

የነጃሺን ታሪክ አብዛኞቻችን የምናውቀው ከመሀሉ ጀምሮ ነው። ሶሐቦች ከመካ ተሰደው መጡ፣ ፍትሐዊው ንጉሥ ተቀበላቸው፣ ጃዕፈር ሱረቱ መርየምን ቀራ፣ ንጉሡ ጺሙ እስኪርስ አለቀሰ። በየኹጥባው የምንሰማው ይህንን ነው፣ እውነትም ነው። ዛሬ ግን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ዘውድ ከመጫኑ በፊት፣ ገና ልጅ ሳለ የሆነ ነገር አለ። ያንን ካላወቃችሁ ንጉሥ ሆኖ ያደረገው ሁሉ እንዲያው ደግነት ብቻ ይመስላችኋል።

ታሪኩ የተላለፈልን በሲራው ጸሐፊ በኢብኑ ኢስሐቅ በኩል ነው፤ ምንጩ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ናቸው። (የሲራ ዘገባ ከቡኻሪና ከሙስሊም ሐዲስ ጋር በአንድ ሚዛን እንደማይመዘን የቀራችሁ ታውቃላችሁ። ስለዚህ የትኛው ከየት እንደመጣ እየጠቆምኳችሁ እሄዳለሁ።)

የልጁ ስም አስሐማ ነው። አባቱ የሐበሻ ንጉሥ ነበር፤ ከእሱ ሌላ ልጅ አልነበረውም። አጎቱ ግን 12 ወንዶች ልጆች ነበሩት። የአገሩ ሰዎች ሒሳብ ሠሩ፦ አንድ ልጅ ብቻ ያለው ንጉሥ ሲሞት መንግሥት ይናጋል፣ የ12ቱ አባት ቢነግሥ ግን ዘውዱ ለረጅም ዘመን ጸንቶ ይኖራል። አባቱን ገደሉትና አጎቱን አነገሡ። አስሐማ በአጎቱ ቤት አደገ። አስተዋይና ቆራጥ ልጅ ሆነ፤ አጎቱም እየወደደው፣ ምክሩንም እየሰማ መጣ። ይህንን ሲያዩ ገዳዮቹ ፍርሃት ያዛቸው። ልጁ ነገ ቢነግሥ የአባቱን ደም እንደሚጠይቃቸው አልጠፋቸውም። ወይ እንዲገድለው ወይ ከአገር እንዲያስወጣው አጎትየውን ወጥረው ያዙት። አጎቱ ከወንድሙ ቀጥሎ የወንድሙን ልጅ መግደል ከበደው፤ በማስወጣቱ ግን ተስማማ። ገበያ አውጥተው ለአንድ ነጋዴ በ600 ዲርሃም ሸጡት። ነጋዴው መርከብ ላይ አሳፍሮት ሄደ።

እስቲ እዚህ ጋ ቆም በሉ። አባቱ ተገድሏል፣ ያሳደገው አጎቱ ሸጦታል፣ ልጁ መርከብ ላይ ነው። በዚያች ሰዓት ስላለው ኒዕማ ዘርዝር ቢባል ምን ይላል? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በዚያው ቀን ማታ ሰማዩ ደመና ያዘ። አጎቱ ዝናቡን ፍለጋ ወደ ውጭ ወጣ፣ መብረቅ መታው፣ ሞተ። ሰዎቹ ወደ 12ቱ ልጆች ሮጡ፤ አንድም የሚረባ አላገኙም። መንግሥቱ ሊበተን ሲሆን፣ ይህን አገር የሚያቃናው ጠዋት የሸጡት ልጅ ብቻ እንደሆነ ገባቸው። ነጋዴውን ተከትለው ደረሱበት፣ ልጁን ቀምተው መለሱት፣ ዘውድ ጭነው ዙፋን ላይ አስቀመጡት።

ነጋዴው ግን ገንዘቡን ከፍሎ ልጁን ተነጥቋል። መጥቶ ጠየቀ፤ አንሰጥም አሉት። ያኔ በቀጥታ ንጉሡ ፊት ቆሞ፣ ከገበያ በገንዘቡ የገዛውን ልጅ ሻጮቹ መልሰው እንደቀሙትና ዋጋውንም እንደከለከሉት አቤት አለ። አስሐማም ፈረደ፦ ወይ ለሰውየው ገንዘቡ ይመለስለት፣ አለዚያ የተሸጠው ልጅ እጁን በገዢው እጅ ያኖራል፣ ወደ ወሰደውም አብሮት ይሄዳል። የተሸጠው ልጅ ማለት እኮ ራሱ ነው! ገንዘቡ ተከፈለ። ፍትሕ አዋቂነቱ መጀመሪያ የታየው በዚህ ፍርድ ነው ይላሉ። ሰው የራሱን ሽያጭ ጉዳይ ሲፈርድ ከዚህ በፊት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም።

አሁን ወደምታውቁት ክፍል እንሂድ። በነቢይነት 5ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ615፣ የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ አገራችን ገቡ። ከነሱ መካከል ዑስማን ኢብኑ ዐፋንና ባለቤቱ፣ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ሩቂያ ነበሩ። ቀጥሎ በጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ መሪነት የመጡት ወንዶች ብቻ ከ80 ይበልጡ ነበር። ቁረይሾች አላስቻላቸውም። ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ላኩ። ሁለቱ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ንጉሡ ከመካ ዕቃ አብልጦ የሚወደው የተለፋ ቆዳ እንደሆነ አጣርተው እሱን ይዘው ነው የመጡት፤ መጀመሪያ ደግሞ ለየመኳንንቱ እጅ መንሻ አደሉ። ሥራቸውን ያውቁ ነበር። ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያናግር እንዲያስረክባቸው መኳንንቱ እንዲያግዟቸው ከወዲሁ ተነጋግረው ጨረሱ።

ይህንን የነገሩን እዚያው የነበሩት እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናቸው፤ ያኔ ከባላቸው ከአቡ ሰለማ ጋር ስደተኛ ነበሩ። ንጉሡ ተቆጣ፤ አገሩ ብለው የመጡበትን ሰዎች ሳይሰማ እንደማያስረክብ ማለ። ጠራቸው፣ ጃዕፈር ተናገረ፣ ቀራ፣ ንጉሡ አለቀሰ። በማግስቱ ዐምር በሌላ በር መጣ፤ እነዚህ ሰዎች ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ከባድ ነገር ይናገራሉ ብሎ ከሰሰ። ጃዕፈር ያመነውን ሳይሸፋፍን ተናገረ። ንጉሡ ከመሬት ትንሽ እንጨት አነሳና ጃዕፈር ከተናገረው በዚህች እንጨት ልክ እንኳን ልዩነት እንደሌለ ገለጸ። ዙሪያው የነበሩት አጉረመረሙ። እሱም ስደተኞቹ በአገሩ ደኅና ሆነው እንዲኖሩ ፈቀደ፣ የመልክተኞቹ እጅ መንሻም እንዲመለስላቸው አዘዘ።

ኡሙ ሰለማ ያስታወሱት አንድ ንግግር እዚህ ጋ አለ። ንጉሡ ስጦታውን ሲመልስ፣ አላህ መንግሥቱን ሲመልስለት ከሱ ጉቦ እንዳልተቀበለ፣ እሱም በመንግሥቱ ጉዳይ ጉቦ የሚቀበልበት ምክንያት እንደሌለ ተናገረ። ሰሚዎቹ ንግግሩን ያዙት፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ግን ሁሉም አያውቅም ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ታላቁ ዓሊም ዙህሪ ታሪኩን ሲያወራ ዑርወት ኢብኑ ዙበይር የንግግሩን ትርጉም ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። አላውቅም ሲል፣ ከአክስቱ ከዓኢሻ የሰማውን የመርከቡን ታሪክ አጫወተው። እኛ ጋ የደረሰው እንዲህ ነው።

አያችሁት? ሰውየው በዙፋን ላይ ተቀምጦ፣ ቆዳው ፊቱ ተዘርግቶ፣ መኳንንቱ በጆሮው እያንሾካሾኩ፣ እሱ የሚያየው ያችን መርከብ ነው። ዓመታት አልፈዋል። ያን ቀን አልረሳውም። በቁጭት አይደለም የያዘው፤ የሸጡትን ሰዎች እኮ ሲበቀል አናይም። የያዘው እንደ ኒዕማ ነው፣ ኒዕማውንም እስከ ዝርዝሩ ነው የያዘው፦ ማን መለሰኝ፣ በምን ዋጋ፣ ማንስ ምንም ሳይጠይቀኝ። ሹክሩ ዝርዝር ስለነበረው ነው በችግር ሰዓት የሠራለት። እነዚያ ስደተኞች በሰላም የኖሩት አንድ ሰው የተደረገለትን ባለመርሳቱ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

እዚህ ላምበረት አካባቢ ከወጣቶች ጋር ስንቀማመጥ ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። አልሐምዱ ሊላህ እላለሁ፣ ግን ልቤ ውስጥ ምንም አይሰማኝም፤ ምን ላድርግ? ጥሩ ጥያቄ ነው። መድረሳ ስንቀራ ሹክር በልብ፣ በአንደበትና በአካል እንደሆነ ተምረናል፦ ልብ ያውቃል፣ ምላስ ያመሰግናል፣ አካል ይታዘዛል። ብዙዎቻችን መካከለኛው ላይ ብቻ ቀርተናል። ልብ የሚያውቀው ደግሞ ያስተዋለውን ነው። ያላስተዋልነውን ማወቅ አንችልም።

ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማክሎው የሚባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን ጥናት ሰምታችሁ ይሆናል። አንዱን ቡድን በየሳምንቱ የሚያመሰግኑበትን ነገር፣ ሌላውን ያማረረውን ነገር ለ10 ሳምንት አጻፉ። ምስጋናውን የጻፉት ስለ ኑሯቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ የምስጋና ደብተር በየመደብሩ ይሸጣል፣ በስልክም መተግበሪያ ወጥቶለታል። አንዳንዱ ወንድማችን ይህ ከፈረንጅ የመጣ ነው ብሎ ይሸሸዋል። እኔ አይታየኝም። ማስታወሻ መያዝ ዒባዳ ተብሎ የተጨመረ ነገር አይደለም፤ ልብ እንዳይዘነጋ መርጃ ነው። ከደብተሩ ጋር ያለኝ ጠብ ሌላ ነው። ዓላማው ጥሩ ስሜት ብቻ ከሆነ ያጥርብኛል። ነጃሺ ያን ቀን ያስታወሰው ደስ እንዲለው አልነበረም። ማስታወሱ ቆዳውን አስመለሰው፣ ከመኳንንቱም ጋር አጋጨው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ልትጀምሩ ካሰባችሁ፣ ከዒሻ በኋላ ስልኩን ሳትከፍቱ ጻፉ። ሦስት አምስት አትበሉ፤ አንድ ይበቃል። ጤና፣ ቤተሰብ፣ ሰላም ብላችሁ አትለፉት፤ ያ በየቀኑ ተመሳሳይ ሆኖ በሁለተኛው ሳምንት ይሰለቻችኋል። በስምና በዋጋ ጻፉት። ከመገናኛ ስትመለሱ ሒሳብ ጎድሏችሁ ረዳቱ ነገ ትከፍላለህ ብሎ ከለቀቃችሁ፣ ያንን ጻፉ። እናታችሁ ሱብሒ እንዳያመልጣችሁ በሩን ሁለት ጊዜ ካንኳኩ፣ ሁለት ጊዜ ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ከስሩ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ይህ ኒዕማ ነገ ከኔ ምን ይፈልጋል? ምንስ ይከለክለኛል?

ይህችን ሁለተኛ መስመር ነው ከነጃሺ የወሰድኩት። ቦሌ አንድ ቢሮ ውስጥ መስኮት ኋላ የተቀመጠ ወጣት አስቡ። ሥራውን ያገኘው ዘመድ ሳይኖረው፣ ሳንቲም ሳይከፍል፣ በፈተና አልፎ ነው። አንድ ቀን ባለጉዳይ ፋይሉ ውስጥ ፖስታ ሸጉጦ ያቀብለዋል። ለሻይ ነው ይለዋል። እንግዲህ ይህ ልጅ ያን ሰዓት የሚያስታውሰው ነገር ያስፈልገዋል። ጉቦ ሐራም መሆኑንማ ያውቃል፤ የሚቀበሉትም ያውቃሉ። ግን ከሁለት ዓመት በፊት በእጁ የጻፋት መስመር ካለች፣ ሥራ ሲሰጠኝ አንድም ሰው ምንም አልጠየቀኝም የምትል፣ ፖስታው ይከብደዋል።

ደብተራችሁን ደግሞ ለማንም አታሳዩ፣ ፎቶ አንስታችሁም አትለጥፉት። በአደባባይ ማመስገን ቦታ አለው፤ ይህ ግን በናንተና በጌታችሁ መካከል ይሁን። እዚህም ላይ ከነጃሺ የምንወስደው አለ። ኢብኑ ኢስሐቅ እንደዘገበው ሕዝቡ ሃይማኖቱን ትቷል ብሎ ባመፀበት ጊዜ፣ መጀመሪያ ለጃዕፈርና ለባልደረቦቹ መርከቦች አዘጋጀላቸው። ከተሸነፈ ወደፈለጉበት እንዲሄዱ፣ ካሸነፈ እንዲቆዩ ነገራቸው። ከዚያ ወረቀት አስመጥቶ የሚያምንበትን ጻፈ፤ ከአላህ በቀር አምላክ እንደሌለ፣ ሙሐመድ ባሪያውና መልክተኛው እንደሆኑ፣ ዒሳም የአላህ ባሪያና መልክተኛ እንደሆኑ መስከሮ በልብሱ ውስጥ በቀኝ ትከሻው በኩል አኖረው። እንዲህ ሆኖ ነው ሕዝቡ ፊት የቆመው። ተነጋገራቸው፣ ሰዎቹም ተበተኑ። ያ ጽሑፍ ለማንም አልተነበበም። እሱ ግን ምን እንደያዘ ያውቃል። ራሱ መርከብ ላይ ተጭኖ የተሸጠ ሰው፣ ለሌሎች መጀመሪያ ያሰበላቸው ነገር ማምለጫ መርከብ መሆኑን ልብ ብላችኋል?

በቀጠሮዬ መሠረት ወደዚያች መርከብ ልመለስ። አንዳንዶቻችሁ ይህንን የምታነቡት በከባድ ሳምንት ውስጥ ሆናችሁ ነው። ሰው ሞቶባችኋል፣ ሥራ ጠፍቷል፣ ከሰሜን ተፈናቅሎ የመጣ ዘመድ ቤታችሁ አለ። እንዲህ ላለ ሰው ቶሎ ብሎ አመስግን ማለት ጭካኔ ነው። ልጁ መርከቡ ላይ ሳለ ኒዕማው ገና አልታየም፤ ያ ደመናም ገና እየተሰበሰበ ነበር። ስለዚህ የሚጻፍ ካጣችሁ ገጹን ባዶ ተዉት። ቀኑን ብቻ ጻፉና እለፉ። በግድ የተጻፈ አልሐምዱ ሊላህ ኋላ ስታነቡት ራሳችሁን አታምኑትም። ባዶዋን ገጽ ከዓመት በኋላ ተመልሳችሁ ትሞሏት ይሆናል።

ደስታ ሲመጣስ? በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ በበድር ሙስሊሞች ሲያሸንፉ ወሬው ሐበሻ ደረሰ። በይሀቂ ባስተላለፉት ዘገባ፣ ንጉሡ ጃዕፈርንና ጓደኞቹን አስጠራቸው። ሲገቡ ያረጀ ልብስ ለብሶ፣ ምንጣፍ ሳይኖር መሬት ላይ ተቀምጦ አገኙት። መልኩን አይተው ደነገጡ፤ መጥፎ ነገር የመጣ መሰላቸው። እሱ ግን ድሉን አበሰራቸው። ለምን እንዲህ እንደሆነ ሲጠይቁት፣ አላህ ለባሮቹ አዲስ ኒዕማ ሲሰጥ ባሮቹም አዲስ መተናነስ ሊያሳዩ እንደሚገባ በዒሳ ላይ ከወረደው እንደሚያውቅ ነገራቸው። እኛ ውጤት ሲመጣ፣ ቪዛ ሲወጣ፣ ኒካሕ ሲታሰር መጀመሪያ የምናደርገው ምንድን ነው? ከዕብ ኢብኑ ማሊክ ተውባቸው መቀበሉን የሚያበስር ድምፅ ሲሰሙ በቆሙበት ሱጁድ ወርደዋል። አንድ ሱጁድ ከስልኩ በፊት ቢቀድም ምን ይጎዳል?

የቀረው ዘመኑ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እናታችን ኡሙ ሐቢባን ሲያገቡ፣ በሐበሻ ሳሉ ወኪል ሆኖ ያስተሳሰረውና 400 ዲናር መህር ከራሱ የሰጠው ነጃሺ ነው። በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ ጃዕፈርና የቀሩት በሁለት መርከብ ተሳፍረው ተመለሱ፤ የደረሱት ነቢያችን ኸይበርን በከፈቱ ጊዜ ነው። እሱ እዚሁ ቀረ። መዲናን አላየም፣ ነቢያችንን በዓይኑ አላገኛቸውም።

ከላምበረት መናኸሪያ በኮተቤ አድርጎ የሚወጣውን የሰሜን መንገድ ብትይዙ፣ ደብረ ብርሃንን፣ ደሴን፣ መቀሌን አልፋችሁ፣ ከውቅሮ በስተሰሜን ጥቂት እንደሄዳችሁ ነጋሽ ትደርሳላችሁ። በአገራችን ትውፊት መቃብሩ እዚያ ነው። መስጂዱ በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ተጎድቶ ያየነው ሐዘን አይረሳም። መንገዱ ሲቀናላችሁ ሂዱና ዘይሩት።

የሞተው በ9ኛው ዓመተ ሒጅራ ነው። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም የተረጋገጠ ነው፦ በሞተበት ዕለት ነቢያችን ለባልደረቦቻቸው አረዷቸው፣ ደግ ሰው እንደነበር መሰከሩለት፣ ወደ መስገጃው ሜዳ ይዘዋቸው ወጡ፣ ሰልፍ አሰለፏቸው፣ አራት ተክቢራ አድርገው የጀናዛ ሰላት ሰገዱበት። ጀናዛው ከባሕር ማዶ ነው። ከሰገዱት አንዱ ወጣቱ ጃቢር ኢብኑ ዐብደላህ ነበር። ቀኑን ኋላ ሲያስታውስ የቆመበትን ሰልፍ እንኳን ሳይቀር አንስቷል፤ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ነበር።